ምርቃት የተባልኩበት ሥራ

የበደለችኝ ተከራዬ ናት። የበደለችኝም ካቻምና በሰኔ፣ የመመረቂያ ሥራችንን በፈታኞች ፊት ባቀረብንበት ቅዳሜ፣ ከምሳ በፊት ነው። ስሟን አልጽፍም። ደብረ ማርቆስ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃት ደግሞ በእኔ ብዕር እንዲያውቃት አልፈልግም። ነገሩን እስካሁን በየቤቱ ስታወራው የኖረችው እሷ ናት። እኔ ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አልነበረም።

ሥራው የትምህርት ቤት ክበባትን አባላት በኮምፒውተር የሚይዝ ዳታቤዝ ነበር። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን አልነበረም። የአማርኛ መምህርት ነኝ። ቁይ ጀመርኩ፣ አምበር ቀጠልኩ፣ ከዚያ ወደ ማርቆስ ተዛውሬ እዚሁ አረጀሁ። ማርቆስ ከመጣሁ ጀምሮ ከማስተማሩ ጎን የክበባት አስተባባሪ ነበርኩ። ሚኒ ሚዲያው፣ የአካባቢ ጥበቃው፣ የሥነ ጽሑፉ፣ የልጃገረዶቹ፣ ሁሉም በእኔ በኩል ያልፍ ነበር። ማንም የማይሻው ሥራ ነው። ጥቅምት ላይ ተማሪው ሁሉ ይመዘገባል፤ አንዷ ልጅ አራት ክበብ ትገባለች። ኅዳር ላይ ስብሰባ ሲጠራ ጥቂት ልጆችና ክፍል ተሳስቶ የገባ አንድ ተማሪ ይገኛሉ። ሰኔ ላይ የምስክር ወረቀት ሲታደል ደግሞ ያልነበረው ሁሉ ነበርኩ ይላል። ማን እንደነበረና ማን እንዳልነበረ የማውቅ እኔ ነበርኩ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰው ፈልጎ ወደ እኔ የሚመጣበት ጉዳይ ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ወጣት ነው፤ ሰው ሲያነጋግር እስክሪብቶ ያሽከረክራል።

«ክበባቱ ከእንግዲህ በኮምፒውተር ይያዙ ተብሏል» አለኝ። «ለወጣት መምህር እንስጠውና እርስዎ ይረፉ።»

በእኛ አገር ዐረፉ የሚባለው ለማን እንደሆነ የጠፋው አይመስለኝም።

«ኮምፒውተሩን ብማርስ?» አልኩት።

ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። ልጅ ትልቅ እቃ ላንሳ ሲል የሚሳቅ ዓይነት ሳቅ ነው። «ከተማሩማ የርስዎ ነው፤ ማን ይወስድብዎታል» አለ። እስክማር ድረስ ግን ክበባቱን ለአንድ ወጣት መምህር ሰጣቸው።

ይህን ለተከራዬ ማታ በራት ሰዓት ነገርኳት። በግቢዬ ጀርባ ያለችውን ክፍል ከተከራየች ቆይታለች። የቅኔ አገር የደብረ ኤልያስ ልጅ ናት፤ አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው። እዚህ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ተቀጥራ ስትመጣ አንድ ፍራሽና አንድ ባልዲ ነበራት። እኔ ልጅ የለኝም። ስለ ትዳሬ እዚህ አልጽፍም። ተከራይ ከአከራዩ ጋር ራት የመብላት ግዴታ የለበትም፤ እሷ ግን ሲመሽ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ትመጣና ከመሶቡ ትቀርብ ነበር። መምጣቷን እጠብቅ ነበር። ይህን ያህል ከተናገርኩ ይበቃል።

«እትዬ፣ ታዲያ እንመዝገባ» አለችኝ። «ያ የግል ኮሌጅ ለቅዳሜና እሁድ ተማሪ የኮምፒውተር ዲፕሎማ ይሰጣል። እኔም ልመዘገብ አስቤያለሁ። እዚህ ቁጭ ብለው ግድግዳ ከሚያዩ።»

«ግድግዳው የኔ ነው» አልኳት።

«የርስዎ ነው። ግን አያናግርዎትም።»

ተመዘገብን። ኮሌጁ ውስጥ የእኔ ዕድሜ ያለው ዘበኛው ብቻ ነበር። መጀመሪያ ቀን አንድ ልጅ አስተማሪ መስዬው ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ተማሪ መሆኔን ሲያውቅ ወንበሩን እንዴት እንደሚመልስ ግራ ገባው። ትምህርቱ ከበደኝ አልልም። የከበደኝ እንግሊዝኛው ነበር፤ አንብቤ እረዳዋለሁ፣ አፌ ላይ ግን አይመጣም። በአማርኛ ሳስተምር ኖሬ ምላሴ በእንግሊዝኛ ዝጓል። በኋላ ሥራችንን ስናቀርብ የመናገር ተራዬን ለሌላ አሳልፌ የሰጠሁትም በዚህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ሥራ በቡድን እንድንሠራ ታዘዝን። ቡድናችን አምስት ነው፦ እኔ፣ ተከራዬ፣ ሞባይል የሚጠግን አንድ ቀልደኛ ወጣት፣ እና ሁልጊዜ አብረው የሚገቡ አብረው የሚወጡ ሁለት የባንክ ሠራተኞች። ከባንኮቹ ጋር ጉዳይ የለኝም፤ እነሱ ከማንም ጋር ጉዳይ አልነበራቸውም። መሪያችን ተከራዬ ሆነች። ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ የሆቴል አልጋ ወይም የመድኃኒት ቤት ዳታቤዝ ያዙ። እኔ የትምህርት ቤት ክበብ እንሥራ አልኩ። ማንም የተሻለ ስላልነበረው ያ ሆነ። ዲፕሎማውንና ሥራውን አንድ ላይ ይዤ ምክትሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ክበቦቼን ማስመለስ ነበር ሐሳቤ። ይህን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው።

ስንሠራ የከረምነው እኔ ቤት ነው። ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ሁሉም ይመጣሉ። የአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ወረቀቶች ገልብጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና በጀርባቸው ሠንጠረዦቹን ሣልንባቸው። የዚያን ዓመት ኔት ስለተዘጋ የምንፈልገውን መጽሐፍ ባለሞባይሉ በፍላሽ ከየሰው ይለቅም ነበር። መብራት ሲጠፋ ወደ ግቢ ወጥተን ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን። የተሰበረች ወንበሬን ለአምስተኛ ሰው ብዬ አስጠገንኩ። ቤቴ ውስጥ ያን ያህል ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ከእሑድ ማታ እስከ ዓርብ ያለው ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ ግን ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ጎልቶ ይታየኝ ጀመር።

የመጀመሪያው ንድፍ የባለሞባይሉ ነበር። በተማሪው ሠንጠረዥ ውስጥ ከስሙና ከክፍሉ ቀጥሎ ክበብ አንድ፣ ክበብ ሁለት፣ ክበብ ሦስት የሚሉ ዓምዶች አስመረ።

«አራተኛ ክበብ የገባችስ?» አልኩት።

«ቲቸር፣ አራት ክበብ የገባች ልጅ መቼ ልታጠና ነው? ለራሷ ስንል እንከልክላት።»

«አንዱም ያልገባውስ? ባዶ ሦስት ቤት ልትሠራለት ነው?»

«ያከራየዋል» አለ። ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እንዲህ አልኩት፦ «እናትህ የጽዋ ማኅበር አላት?»

«የሚካኤል አላት። የማርያምም አላት።»

«በሚካኤሉ ምንድን ናት?»

«ሙሴ ናት» አለ ኮራ ብሎ። የማኅበሩን አለቃ ሙሴ ነው የምንለው።

«በማርያሙስ?»

«በማርያሙ ዝም ብላ ጠጪ ናት።»

«እንግዲህ ሙሴነቷን የት ትጽፈዋለህ? በእናትህ ስም ላይ ብትጽፈው በማርያሙም ሙሴ ልትሆን ነው። በማኅበሩ ላይ ብትጽፈው ማኅበርተኛው ሁሉ ሙሴ ይሆናል። ከእናትህም ከማኅበሩም ያልሆነ ሌላ ነገር አለ፤ መግባቷ ራሱ። መቼ ገባች፣ ምን ሆና ገባች፣ መቼ ወጣች። ለመግባቷ የብቻው ሠንጠረዥ ስጠው።»

ተነሥቼ በተማሪው ሠንጠረዥና በክበቡ ሠንጠረዥ መካከል ሦስተኛ ሣልኩ። አባልነት ብዬ ጻፍኩበት። ከግራ የተማሪው ቁጥር፣ ከቀኝ የክበቡ ቁጥር ገባበት። ባለሞባይሉ ግድግዳውን ዐይቶ ዐይቶ «እንግዲህ ዳታቤዙን በየወሩ ጠላና ዳቦ ይዘን ልንዘክረው ነው» አለ። ተከራዬ ስልኳን አውጥታ ግድግዳውን ፎቶ አነሣች።

ሁለተኛው ነገር ስሞቹ ናቸው። የትምህርት ቤቱን የቆየ ምዝገባ ለሙከራ ስናስገባ አባላቱ በዙብን። አንዲት ልጅ በሥነ ጽሑፍ ክበብ ስሟን በአንዱ «ሠ»፣ በልጃገረዶች ክበብ በሌላው «ሰ» ጽፋለች፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ልጆች አደረጋት። በስሙ ውስጥ ኃይል ወይም ፀሐይ ወይም ሥላሴ ያለበት ሁሉ መንታ ወለደ። እኔ ለፍለጋው ብቻ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ እናምጣቸው አልኩ።

ተከራዬ ተቆጣች። «ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ አንድ ናቸው ብዬ ልጽፍ? አባቴ ቢሰማ ይረግመኛል።»

«ማን ጻፊ አለሽ? ሲጻፍ ባለቤቷ እንደጻፈችው ይጻፍ። ሲፈለግ ግን አንድ ይሁን።»

አሰበችው። «ሲጻፍ እንደ ባለቤቷ፣ ሲፈለግ አንድ» አለች ለራሷ። ደስ እንዳላት ከፊቷ አየሁ። ያን ቀን ከሌሎቹ በኋላ ቀርታ ሳህን አጠበችልኝ።

አንድ ነገር ግን ሲለወጥ ታውቆኝ ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ቲቸር ነበር የሚሉኝ። ባንኮቹ እናታችን ማለት ጀመሩ፤ ዳቦ ሲያምራቸው። ከዚያ ባለሞባይሉ፤ በመጨረሻ እሷም፣ እትዬ ስትለኝ የኖረችው፣ ሰው ፊት እናታችን አለችኝ። እናታችን ሻይ አለ? እናታችን የት ሄዱ? ለአክብሮት ነው ይባላል፤ በዚህ አገር እናት መባልን የሚጠላ ሰው የለም፤ የጠላ እንደሆነም አፍ አውጥቶ አይናገርም። እናት የተባለች ሴት ግን ስም የላትም። የምትሠራውም ሁሉ ከእናትነቷ ይቆጠራል እንጂ ሥራ አይባልም።

የማቅረቢያው ቀን ሲቃረብ ተከራዬ ሥራ አከፋፈለች። ሁሉም ለሁለት ለሦስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ይናገራል። እኔ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ እርስዎ በእንግሊዝኛው ከሚጨነቁ የርስዎን ክፍል እኔ ልያዝልዎት? ፈታኞቹን የሚያስተናግድ ሰውም ያስፈልገናል። ሌሎቹ ቡድኖች ለስላሳና ብስኩት ነው የሚያቀርቡት። እኛ ትኩስ ዳቦ ብናቀርብ ያስታውሱናል።»

እሺ አልኩ። በውነቱ እንግሊዝኛውን ፈርቼዋለሁ። የእኔን ክፍል እሷ ስትይዘው የእኔ መሆኑ የሚቀር አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦውንና ትልቁን ፔርሙስ ይዤ ሄድኩ። ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ነው። አማካሪያችን ከጎን ተቀምጧል። ተከራዬ የአባልነቱን ሠንጠረዥ ስታስረዳ ሰማኋት፤ የጽዋ ማኅበሩን ምሳሌ ትታ በእንግሊዝኛው ቃል አስረዳችው፤ በደንብ ነው ያስረዳችው። ከዚያ ፍለጋውን አሳየች። በአንዱ ፊደል ጻፈች፣ በሌላው ፊደል የተጻፈው መጣ። እንግዳው ፈታኝ ከወንበሩ ቀና አለ።

«ይኼን የሞክሼ ፊደል ነገር ማን አሰበው?» አለ። እስከዚያ በእንግሊዝኛ ነበር የሚናገረው።

እኔ ለሌላኛው ፈታኝ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ባለሞባይሉ ወደ እኔ ዞረ። አይቼዋለሁ፤ ዞሮ ነበር።

«የቡድኑ ሐሳብ ነው» አለች ተከራዬ።

እንግዳው በእስክሪብቶው አመለከተኝ። «እናትስ የቡድኑ አባል ናቸው ወይስ ለመስተንግዶ ነው?»

«አባል ነኝ» አልኩ።

«ጥሩ። ምን ሠሩ?»

ፔርሙሱን ለማስቀመጥ ቦታ ፈለግሁ፤ ጠረጴዛው ሁሉ ወረቀት ነበር። በእንግሊዝኛ ልጀምር ወይስ በአማርኛ እያልኩ አፌ ለቅጽበት ተያዘ። «የአባልነቱን…» ብዬ ስጀምር ተከራዬ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ፈገግ ብላ ወደ ፈታኞቹ ዞረች።

«እሳቸውማ ምርቃታችን ናቸው» አለች።

ሁሉም ሳቁ። አማካሪው ሳይቀር። እንግዳው ፈታኝ ትንሽ ቆየና እንደገና ሳቀ፤ ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። «የየት አገር ልጅ ነሽ?» አላት።

«የደብረ ኤልያስ።»

«ታስታውቂያለሽ» አለና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። እኔን መልሶ አልጠየቀኝም።

አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ላላስተማርኩት ልንገረው። ምርቃት የሽማግሌ ቡራኬ ነው፤ ሰሙ ይኼ ነው። አምበር ገበያ ሄደህ በርበሬ ስትገዛ ግን ሻጯ በሚዛን ከለካችልህ በኋላ መርቂልኝ ትላታለህ፤ አንድ እፍኝ ዘግና ትጨምርልሃለች። ያቺም እፍኝ ምርቃት ናት። በሚዛን አልገባችም፣ ዋጋም አልወጣላትም፣ ባትኖርም ግዢው ግዢ ነው። ወርቁ ይኼ ነው። እንግዳው ሁለት ጊዜ የሳቀው ሁለቱንም ስለሰማ ነው። እኔም ፔርሙሱን እንደያዝኩ ሁለቱንም ሰማሁ።

ቤት እንደገባን ጠየቅኋት። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር።

«ምን ማለትሽ ነው ምርቃታችን ናቸው ያልሽው?»

«ምርቃታችን ነዎታ እትዬ። ያለርስዎ ጸሎት እዚህ እንደርስ ነበር?»

«ጸሎት አልሠራሁም። ሠንጠረዥ ነው የሠራሁ።»

«አፍዎ ሲያያዝ አይቼ እኮ ላድንዎት ብዬ ነው። ዝም ብለው ቆሙ።»

«የቅኔ መምህር ልጅ ነሽ። ምርቃት ስንት እንደሚፈታ እኔ ልንገርሽ?»

«እርስዎ ወርቅ ፍለጋ ይወዳሉ» አለች። «እኔ ሰሙን ነው ያልኩት።»

ቅኔ የሚያውቅ ሰው የሚሰድብህ እንዲህ ነው። ብትከሰው ሰሙን አውጥቶ ያሳይሃል፤ የምትከሰው ወርቁን ነው፤ ወርቁን ደግሞ ያየኸው አንተ ራስህ ነህ።

ውጤት ሲለጠፍ የአራቱ አለፈ። የእኔ ይደገም የሚል ነበር። ከውጤቱ ግማሹ ፈታኞቹ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ የሚሰጡት ነውና እኔ በዚያ ግማሽ ባዶ ነበርኩ። አማካሪው ዘንድ ሄድኩ። ጥሩ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ።

«እናቴ፣ እኔ እንደሠሩ አልጠራጠርም» አለኝ። «ግን ፈታኝ የሰማውን ነው የሚሰጠው። ከቡድኑ አንድ ሰው መጥቶ ይህን የሠሩት እሳቸው ናቸው ቢለኝ ለኮሚቴው አቀርባለሁ።»

ተከራዬንና ባለሞባይሉን አስጠራልኝ። በር ላይ ቆሙ። አማካሪው የአባልነቱን ሠንጠረዥና የስም ፍለጋውን ማን እንደነደፈ ጠየቃቸው።

«ሁላችንም ነን» አለች እሷ። ወደ እኔ አላየችም።

ባለሞባይሉ በአውራ ጣቱ የስልኩን መስታወት ይጠርግ ነበር። «አንተስ?» አለው አማካሪው። «እኔ እንኳ… በቡድን ነው የሠራን» አለ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ስልኬ ተበላሽቶ ሱቁ በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ለምን እንዳደረገችው ያወቅሁት በሳምንቱ ነው። ኮሌጁ በመመረቂያ ሥራው ከፍተኛ ነጥብ ያመጣውን ሰው የኮምፒውተር ክፍሉ ረዳት አድርጎ ሊቀጥር ነበር። ይህን ከጥር ጀምሮ ታውቅ ኖሯል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳዬን ፎቶ ስታነሣ። ያ ጸሐፊነቷ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ታናናሾችም አሏት። ብትጠይቀኝ እተውላት ነበር ብዬ አልዋሽም። አልተውላትም ነበር። እሷም ይህን ስለምታውቅ ነው ያልጠየቀችኝ።

ክፍሏን ልቀቂ አላልኳትም። ራት መምጣቷን ግን ተወች፤ እኔም አልጠራኋት። በአንድ ግቢ ውስጥ በአንድ በር እየወጣን እየገባን ጤና ይስጥልኝ ብቻ እንባባል ነበር። ነጠላ ጫማዋ ከኋላ ክፍል እስከ ቧንቧው ሲሄድ፣ ከቧንቧው ሲመለስ እሰማለሁ። ለራት የማወጣው እንጀራ መጠን እስኪስተካከልልኝ ድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ የተረፈውን ለጎረቤት ውሻ ሰጠሁ።

በሐምሌ የምረቃው ዕለት ጠዋት በሬን አንኳኳች። ጥቁሩን ጋዋን ለብሳ ቆቡን በእጇ ይዛለች። ዝናቡ በሌሊቱ ዘንቦ ግቢው ጭቃ ነበር፤ የጋዋኗን ጫፍ ወደ ላይ ሰብስባለች።

«እትዬ፣ መንገድ ተዘግቶ እናቴም አባቴም አልመጡም» አለችኝ። «ሳልመረቅ መሄዱ ከበደኝ። ይመርቁኝና ልሂድ።»

ደፍ ላይ ተንበረከከች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ሳይመረቁ መሄድ እዚህ አገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የጠላት ልጅ እንኳ ተንበርክካ ብትለምን እጅን ጭኖ ሁለት ቃል ማለት ወግ ነው። ልብስህን ለሰረቀ ሰው ሳይቀር ይባላል።

«ሄደሽ ማን እንደሠራው ለአማካሪው እውነቱን ንገሪው» አልኳት። «ከዚያ ነይ።»

«ዛሬ? እትዬ፣ ምረቃው እኮ ዛሬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሥራውን ይነሡኛል።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ከዚያ በአንድ እጇ የበሩን መቃን ይዛ ተነሣች። ጉልበቷ ላይ ጭቃ ነበር፤ ልነግራት አስቤ ተውኩት። በሩን ዘጋሁ።

በነሐሴ ክፍሉን ለቃ ኮሌጁ አጠገብ ተከራየች። ለሰው ሁሉ፣ «አክብሬ ተንበርክኬ ጉልበቷን ልስም ብል ሳትመርቀኝ በር ዘጋችብኝ» እያለች ትናገራለች። እውነት ነው፤ ዘግቼባታለሁ።

በመስከረም ሥራውን ለመድገም ተመዘገብኩ። ቡድን አልገባሁም። ሙሉውን ከመጀመሪያው ብቻዬን ሠራሁት። በእንግሊዝኛ የምናገረውን በአማርኛ ፊደል ጻፍኩና ማታ ማታ ለግድግዳው እየተናገርኩ ሸመደድኩት። በሰኔ አቀረብኩ፤ ፈታኞቹ ሌሎች ነበሩ፤ ውሃም አላቀረብኩላቸው። ኮምፒውተሩን ያስተካከለችልኝ የክፍሉ ረዳት እሷ ነበረች። ሽቦውን ሰክታ ወጣች። አለፍኩ። በምረቃው ዕለት ሥራ ገብቼ የተማሪ ካርድ ስሞላ ዋልኩ።

ዲፕሎማውንና ሥራውን ለምክትሉ አስገባሁ። ክበባቱ ተመለሱልኝ፤ ይዟቸው የነበረው ወጣት መምህር በደስታ ነው ያስረከበኝ። ጥቅምት ላይ ምዝገባ ጀመርኩ። ምክትሉ ብቅ ብሎ ስም የሚያስገቡልኝ ልጆች ይመድብልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልፈልግም አልኩት።